ዘ ፐርክስ ኦቭ ቢይንግ ኤ ዎልፍላወር

ዘ ፐርክስ ኦቭ ቢይንግ ኤ ዎልፍላወር አሜሪካዊው ደራሲ ስቲቨን ሽቦስኪ የጻፈው ልቦለድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ጥር 24 ቀን 1991 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1999 እ.ኤ.አ.) ነው። ቻርሊ የተባለ የ15 ዓመት ዓይነ አፋር ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመቱን እንዴት እንዳሳለፈ፣ በዕድሜ ከሚበልጡት ሁለት ተማሪዎች ጋር እንዴት እንደተወዳጀና ከራሱ ትዝታ ተሰውሮ የቆየ የልጅነት በደል እንዴት እንደተገለጠለት ይተርካል። መጽሐፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በደብዳቤ መልክ የተጻፈ ነው። ከወጣቶች ልቦለዶች መካከል በብዛት ከተነበቡትና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በብዛት ተቃውሞ ከቀረበባቸው አንዱ ሲሆን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ደራሲው ራሱ ወደ ፊልም ለውጦታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ርዕሱ

«ዎልፍላወር» ቃል በቃል የግድግዳ አበባ ማለት ሲሆን፣ በቅጥር ስንጥቅ ውስጥ የሚበቅል አንድ ተክል በዚህ ስም ይጠራል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግን ቃሉ በጭፈራ ግብዣ ላይ ማንም ሳይጋብዛት ግድግዳ ተደግፋ ለምትቀር ሴት ማሾፊያ ሆነ። በኋላም ሴት ወንድ ሳይለይ፣ በሰው መካከል ሆኖ ዳር የሚይዝ ዝምተኛ ሰው ሁሉ በዚሁ ይጠራ ጀመር። «ፐርክስ» የሚለው ደግሞ ከደመወዝ ውጭ የሚገኝ ጥቅማ ጥቅም ነው። ስለዚህ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዳር ተመልካች የመሆን ጥቅማ ጥቅሞች» እንደ ማለት ይሆናል። አባባሉ ትንሽ ቀልድ አለው፤ ሰው የሚያፍርበትን ነገር እንደ መብት ይቆጥረዋልና። ታሪኩ ሲገፋ ግን ቀልዱ ወደ ጥያቄ ይለወጣል። ዳር ቆሞ ማየት ምን ይሰጣል፣ ምንስ ያሳጣል የሚለው ጥያቄ የልቦለዱ ዋና ጉዳይ ነው።

ደራሲው

ስቲቨን ሽቦስኪ ጃንዩዋሪ 25 ቀን 1970 በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት በፒትስበርግ ከተማ ተወለደ። ያደገውም በዚያው ከተማ ዳርቻ በምትገኘው አፐር ሴንት ክሌር ነው። በሳውዝ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ድርሰት ተምሮ በ1992 ተመረቀ። «ዘ ፎር ኮርነርስ ኦቭ ኖዌር» የተባለው የመጀመሪያ ፊልሙ በ1995 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ታይቷል። ይህ ልቦለድ ሲወጣ ደራሲው የ29 ዓመት ወጣት ነበር። መጽሐፉን ያሳተመው ፖኬት ቡክስ ሲሆን፣ የወጣው ኤም ቲ ቪ ቡክስ በተባለው፣ በስሙ እንደሚታወቀው ከሙዚቃ ቴሌቪዥኑ ጋር በተያያዘው የአሳታሚው ክፍል ስር ነው። ሁለተኛውን ልቦለዱን ለማውጣት 20 ዓመት ፈጅቶበታል፤ «ኢማጂነሪ ፍሬንድ» የተባለው ይኸው መጽሐፍ በ2019 ታተመ።

የአተራረኩ ስልት

ደብዳቤዎቹ ከኦገስት 25 ቀን 1991 እስከ ኦገስት 23 ቀን 1992 (ከነሐሴ 19 ቀን 1983 እስከ ነሐሴ 17 ቀን 1984 ዓ.ም.) ያለውን አንድ ዓመት ይሸፍናሉ። እያንዳንዱ ስሙ ላልተጠቀሰ «ጓደኛ» የተላከ ነው። ቻርሊ ይህን ሰው አያውቀውም። ሰዎች ስለ እርሱ ሲያወሩ በአጋጣሚ ሰምቶ፣ ሰውን የሚያዳምጥና በሌላው ድክመት የማይጠቀም መሆኑን ስለ ተረዳ ብቻ ይጽፍለታል። አድራሻውን አይሰጥም፤ ማንነቱ እንዳይታወቅም የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ ይላል። ስለዚህ መልስ አይመጣለትም፤ የሚፈልግም አይመስልም።

ይህ አጻጻፍ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ አንባቢውን በዚያ ስም የለሽ ጓደኛ ቦታ ያስቀምጠዋል። ቻርሊ በክፍሉ ውስጥ ለማንም ትንፍሽ የማይለውን ነገር የሚሰማው መጽሐፉን የያዘው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ተራኪው የሚያውቀውን ያህል ብቻ እንድናውቅ ያደርጋል። ቻርሊ ሌላውን ሰው በጥንቃቄ ያያል፤ እናቱ በዝምታ ስታዝን፣ አባቱ እንባውን ሲደብቅ፣ እኅቱ ስትዋሽ ያስተውላል። ስለ ራሱ ግን አንድ ትልቅ ነገር አያውቅም። ጠንቃቃ አንባቢ ከመካከለኛው ምዕራፍ ጀምሮ የሆነ ነገር እንደ ተደበቀ ሊጠረጥር ይችላል፤ ፍንጮቹ በደብዳቤዎቹ ውስጥ ተበትነዋል፤ ልጁ ግን የሚጽፈውን ትርጉም ራሱ አይረዳውም።

ቋንቋው ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር፣ ቃላቱ የሕፃን የሚመስሉ ናቸው። አንዳንድ ሐያስያን ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረው፣ የ15 ዓመት ጎበዝ ተማሪ እንዲህ አይጽፍም ብለዋል። ነቀፌታው ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም ታሪኩ ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ላነበበ ሰው፣ የልጁ ድምፅ ከዕድሜው በታች የቀረበት ምክንያት ያለው ይመስላል።

ታሪኩ

ታሪኩ የሚጀምረው ቻርሊ 9ኛ ክፍል ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ባለፈው ዓመት የቅርብ ጓደኛው ማይክል ራሱን አጥፍቷል። ከዚያ በፊት ደግሞ ከቤተሰቡ ሁሉ አብልጦ የሚወዳት አክስቱ ሔለን በልደት ቀኑ፣ በዲሴምበር 24፣ ስጦታ ልትገዛለት ወጥታ በመኪና አደጋ ሞታለች። ልጁ ለሞቷ ራሱን ተጠያቂ ያደርጋል። ታላቅ ወንድሙ በአሜሪካ እግር ኳስ ጎበዝ ተጫዋች በመሆኑ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ እኅቱም የራሷ ጉዳይ አላት። ቻርሊ አዲሱን ትምህርት ቤት የሚጋፈጠው ብቻውን ነው።

መጀመሪያ የሚቀርበው የእንግሊዝኛ አስተማሪው ቢል ነው። ቢል የልጁን ችሎታ አይቶ ከክፍሉ ትምህርት ውጭ የሚያነባቸውን መጻሕፍት ይሰጠዋል፤ ስለ እያንዳንዱም ድርሰት ያጽፈዋል። ቻርሊ ሰውን እያየ ብቻ እንደሚውል ሲገነዘብም፣ ከማሰብ ባሻገር በሕይወት ውስጥ እንዲሳተፍ ይመክረዋል። ልጁ ብቻውን ወደ ትምህርት ቤቱ ጨዋታ የሚሄደው ከዚህ ምክር በኋላ ነው። እዚያም ከእጅ ሥራ ክፍል የሚያውቀውን ፓትሪክን አይቶ፣ እንደ ምንም ደፍሮ አጠገቡ ይቀመጣል።

ፓትሪክ 12ኛ ክፍል ነው። አብራው ያለችው ሳም የእንጀራ እኅቱ ናት፤ የእርሱ አባት የእርሷን እናት አግብቷል። ሁለቱ ቻርሊን ምንም ሳይጠይቁ ይቀበሉታል። ከእነርሱም ጋር ሜሪ ኤልዛቤትን የመሳሰሉ ልጆችን ያውቃል፤ እነዚህ «ፐንክ ሮኪ» የተባለች ትንሽ መጽሔት የሚያዘጋጁ፣ በ1975 የወጣውን «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» የተባለ ፊልም በእኩለ ሌሊት ሲታይ ከሸራው ፊት ለፊት የሚተውኑ ናቸው። ቻርሊ ሳምን ወዲያው ያፈቅራል። እርሷም በዕድሜው ትንሽ መሆኑን በለሆሳስ ትነግረዋለች፤ ነገር ግን አታርቀውም። በገና ሰሞን አሮጌ የጽሕፈት መኪና ትሰጠዋለች። የመጀመሪያ መሳሙ ከሚወደው ሰው እንዲሆን ብላም ትስመዋለች፤ የእርሷ የመጀመሪያ እንዲያ አልነበረምና። በሕፃንነቷ የሳማት የአባቷ ጓደኛ ነበር።

በአንድ ግብዣ ምሽት ቻርሊ ፓትሪክን የትምህርት ቤቱ ቡድን ዋና ተጫዋች ከሆነው ብራድ ጋር ሲሳሳሙ ሳያስበው ያያቸዋል። ግንኙነቱ ምስጢር ነው፤ ቻርሊም ምስጢሩን ይጠብቃል። የዳር ተመልካች ጥቅም ምን እንደሆነ መጽሐፉ የሚያስረዳው በዚህ አካባቢ ነው። ፓትሪክ ለጓደኞቹ፣ ይህ ልጅ ነገሮችን እንደሚያይ፣ እንደሚረዳና አፉን እንደሚይዝ ይነግራቸዋል። ሁሉም ለቻርሊ ክብር ብርጭቆ ሲያነሡ፣ ልጁ ሰው አይቶኛል ብሎ አስቦ ስለማያውቅ ይደነግጣል።

ክረምቱ ሲገባ ነገሩ ይበላሻል። ቻርሊ ሳይፈልገው የሜሪ ኤልዛቤት የወንድ ጓደኛ ይሆናል፤ እርሷ ስታወራ እርሱ ይሰማል፤ አልፈልግም ማለት ግን አይችልም። «እውነት ወይስ ድፍረት» የተባለውን ጨዋታ ሲጫወቱ፣ በክፍሉ ካሉት ሴቶች ሁሉ ቆንጆዋን ሳም ተብሎ ሲታዘዝ ሜሪ ኤልዛቤትን ትቶ ሳምን ይስማል። በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ሴቶች ያስቀይማል፤ ፓትሪክም ለተወሰነ ጊዜ እንዲርቅ ይነግረዋል። ብቻውን የቀረው ልጅ እንደገና ወደ ጨለማው ይመለሳል።

የሚመለሰው በጠብ ምክንያት ነው። የብራድ አባት ልጁን ከፓትሪክ ጋር ይዞት ክፉኛ ይደበድበዋል። ብራድም እፍረቱን ለመሸፈን በመመገቢያ አዳራሹ በሰው ፊት ፓትሪክን ይሰድበዋል። ድብድብ ሲነሣ የብራድ ጓደኞች ተባብረው ፓትሪክን ይመቱታል። ዝምተኛው ቻርሊ ዘሎ ይገባና ያስጥለዋል። ከዚያ በኋላ ጓደኞቹ ይመለሱለታል። ከብራድ ተለይቶ የተሰበረው ፓትሪክም ብዙ ሌሊት ከእርሱ ጋር ያሳልፋል፤ አንዳንዴም ይስመዋል። ቻርሊ ለወንድ ፍላጎት የለውም፤ ጓደኛ ማለት ይህ ነው ብሎ ስለሚያስብ ግን ዝም ይላል።

የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ሳም ወደ ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ዕቃዋን ትሸክፋለች። በመጨረሻው ምሽት ቻርሊን ለምን ምንም እንዳላደረገ ትጠይቀዋለች። ከወንድ ጓደኛዋ ስትለያይ ስለ እርሷ ደስታ ብቻ አስቦ ስለ ራሱ አንድም ቃል አልተናገረም። እርሷም የሰውን ሁሉ ሕይወት ከራስ አስቀድሞ ዝም ማለት ፍቅር እንዳልሆነ ትነግረዋለች። ከዚያ ሲቀራረቡ ቻርሊ ሳያውቀው ሰውነቱ ይደነግጣል፤ ይቆማል። ሌሊት በሕልሙ፣ በኋላም በንቃት ትዝታው ይመለሳል፤ የሚወዳት አክስቱ ሔለን በልጅነቱ ወሲባዊ ጥቃት ታደርስበት ነበር። ወላጆቹ ከራሱ ጋር ሳይሆን ሲያገኙት ወደ ሆስፒታል ይወስዱታል፤ እዚያም ሁለት ወር ያህል ይታከማል። ሳምና ፓትሪክ ይጠይቁታል። በመጨረሻው ደብዳቤ ከሆስፒታል ወጥቶ ከእነርሱ ጋር በመኪና ይጓዛል። ከእንግዲህ ብዙም ላይጽፍ እንደሚችልም ይናገራል፤ ለመኖር ጊዜ ያስፈልገዋልና።

የፎርት ፒት ዋሻ

መጽሐፉን ያላነበቡ ሰዎች እንኳ የሚያውቁት የዋሻውን ትዕይንት ነው። የፎርት ፒት ዋሻ በ1960 የተከፈተ፣ በማውንት ዋሽንግተን ኮረብታ ውስጥ የሚያልፍ የመኪና መንገድ ነው። ከከተማው ዳርቻ የሚመጣ ሰው ከጨለማው ሲወጣ በሞኖንጋሄላ ወንዝ ድልድይ ላይ ይገኛል፤ የፒትስበርግ ረጃጅም ሕንፃዎችም ድንገት ከፊቱ ይዘረጋሉ። በመጀመሪያው ጉዞ ሳም በፒክአፕ መኪናው ጭነት ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ ታልፋለች፤ ቻርሊ ውስጥ ተቀምጦ ያያታል። በመጨረሻው ደብዳቤ የሚቆመው እርሱ ራሱ ነው። ደራሲው ይህን ልዩነት አያብራራም፤ አንባቢው ግን ከማየት ወደ መሳተፍ የተደረገውን ጉዞ እዚህ ላይ ይለካዋል።

ጓደኝነትና ዝምታ

ብዙ ጊዜ ልቦለዱ «ዓይነ አፋሩ ልጅ ጓደኛ አገኘ» ተብሎ ይጠቃለላል። ይህ ግን የመጽሐፉን ግማሽ ብቻ ይነግራል። ጓደኛ ማግኘቱ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ሳምና ፓትሪክ በመጀመሪያው ምሽት ይቀበሉታል። ከባዱ፣ ከተቀበሉት በኋላ ጓደኛ ሆኖ መገኘት ነው። ቻርሊ ያዳምጣል፣ ምስጢር ይጠብቃል፣ ሰው የሚፈልገውን ስጦታ ያውቃል። የራሱን ፍላጎት መናገር ግን አይችልም። ከሜሪ ኤልዛቤት ጋር የቆየበት፣ ፓትሪክን ያልከለከለበት፣ ለሳም ፍቅሩን ያልተናገረበት ምክንያት አንድ ነው፤ መወደድ ማለት ሌላው የሚያደርገውን ሁሉ መቀበል ይመስለዋል። ይህን ማን እንዳስተማረው የምናውቀው መጨረሻ ላይ ነው።

ተመሳሳይ ነገር በእኅቱ ላይ ይታያል። የወንድ ጓደኛዋ ሲመታት ቻርሊ ያያል። ጉዳዩን ለቢል ሲነግረው አስተማሪው፣ ሰዎች ይገባናል ብለው የሚያስቡትን ያህል ፍቅር እንደሚቀበሉ ያስረዳዋል፤ ወዲያውም ለወላጆቹ ስልክ ይደውላል። በመጽሐፉ ከሁሉ በላይ የታወቀው አነጋገር ይህ ሲሆን፣ በየፖስተሩና በየማስታወሻ ደብተሩ ተጽፎ እንደ ፍቅር ጥቅስ ይዞራል። በቦታው ሲነበብ ግን ስለ ድብደባ የተነገረ ነው። እኅቱ በኋላ ስታረግዝና ጽንሱን ስታስወርድ ወደ ክሊኒክ የሚወስዳት ቻርሊ ነው፤ ምስጢሩንም ይጠብቃል። የወንድምና የእኅቱ ቅርርብ ከዚያ ቀን በኋላ ይለወጣል።

አክስቱ ሔለን ራሷ በልጅነቷ በቤተሰብ ወዳጅ ጥቃት ደርሶባታል። ልቦለዱ ይህን የሚነግረን ጥፋቷን ለማቅለል አይመስልም። ቻርሊ ከታከመ በኋላ የሚጋፈጠው ጥያቄ፣ አክስቱን ማን እንዳደረጋት ወደ ኋላ እየቆጠሩ መሄድ የት ያደርሳል የሚል ነው። የደረሰበትን ያምናል፤ ይወዳት እንደነበረም አይክድም።

መጻሕፍትና ካሴቶች

ቢል ለቻርሊ የሚሰጣቸው መጻሕፍት «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ»፣ «ፒተር ፓን»፣ «ዘ ግሬት ጋትስቢ»፣ «ኤ ሴፐሬት ፒስ»፣ «ኦን ዘ ሮድ»፣ «ዋልደን»፣ «ሐምሌት»፣ የአልቤር ካሙ «ባይተዋሩ» እና ሌሎችም ናቸው። ልጁ ያነበበውን ሁሉ የሚወደው መጽሐፍ ያደርገዋል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አስተማሪው የአይን ራንድን «ዘ ፋውንቴንሄድ» ሲሰጠው፣ እንደ ስፖንጅ ሁሉን ከመምጠጥ ይልቅ እንደ ማጥለያ እንዲያነበው ያስጠነቅቀዋል።

ከመጻሕፍቱ አንዱ የጄ. ዲ. ሳሊንጀር «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» (1951) ነው። ሁለቱን ልቦለዶች ማነጻጸር ልማድ ሆኗል፤ ሁለቱም የሚተረኩት ከሐዘን በኋላ ሕክምና ላይ በደረሰ ጉርምስና ላይ ያለ ልጅ አንደበት ነው። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። የሳሊንጀር ሆልደን በሁሉም ላይ ይፈርዳል፤ ቻርሊ በማንም ላይ አይፈርድም፤ በሽታውም አንድ ወገኑ ይኸው ነው።

ሙዚቃው የዘመኑ ማኅተም ነው። ኢንተርኔትም ተንቀሳቃሽ ስልክም በእጅ በሌለበት በ1991 ወጣቶች የሚወዱትን ዘፈን በካሴት እየቀዱ ይሰጣጡ ነበር። ቻርሊ ለፓትሪክ የሚያዘጋጀው ካሴት የዘ ስሚዝስን «አስሊፕ» ይዟል። በዋሻው ትዕይንት የሚሰማው ደግሞ የፍሊትውድ ማክ «ላንድስላይድ» ነው።

አቀባበልና ተቃውሞ

መጽሐፉ ሲወጣ ትልቅ ወሬ አልነበረውም። ተወዳጅ የሆነው ተማሪ ለተማሪ እያቀበለ ነው። ደራሲው በተለያዩ ቃለ ምልልሶች፣ መጽሐፉ ራሳቸውን ከማጥፋት እንዳዳናቸው የሚገልጹ ደብዳቤዎች ከወጣት አንባቢዎች እንደደረሱት ተናግሯል።

በሌላ በኩል የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው፣ ተቃውሞ በበዛባቸው መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ደጋግሞ ገብቷል። ከ2000 እስከ 2009 ባለው የአሥር ዓመት ዝርዝር 10ኛ ነበር፤ በ2022 እና በ2023 ዝርዝሮችም ተመልሷል። ተቃውሞ ማለት ሁልጊዜ እገዳ ማለት አይደለም፤ ወላጅ ወይም ሌላ ሰው መጽሐፉ ከትምህርት ወይም ከመደርደሪያ እንዲነሣ ሲያመለክት ይመዘገባል፤ ውሳኔው በየወረዳው ይለያያል። የሚጠቀሱት ምክንያቶች ወሲባዊ ይዘት፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት፣ ሃሺሽና ሌሎች አደንዛዥ ዕፆች፣ እንዲሁም ለዕድሜው አይመጥንም የሚሉ ናቸው። እነዚህ ነገሮች በመጽሐፉ ውስጥ በእርግጥ አሉ። ተከላካዮቹ የሚሉት፣ ጥቃት የደረሰበት ልጅ የደረሰበትን በስሙ ሊጠራ የሚችለው ስለ እርሱ የሚናገር ነገር ካገኘ ነው። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ፊልሙ

ሽቦስኪ የፊልሙን ጽሑፍ ጻፈ፣ ፊልሙንም ራሱ አዘጋጀ፤ ደራሲ የራሱን ልቦለድ ራሱ ሲያዘጋጅ ብዙ ጊዜ አይታይም። ቻርሊን ሎጋን ለርማን፣ ሳምን ኤማ ዋትሰን፣ ፓትሪክን ኤዝራ ሚለር፣ አስተማሪውን ፖል ረድ ተጫውተዋል። ቀረጻው የተካሄደው በ2011 በፒትስበርግ አካባቢ ነው። በሴፕቴምበር 2012 በቶሮንቶ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ቀርቦ፣ በዚያው ወር በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ወጣ። የዕድሜ ደረጃ ሰጪው አካል መጀመሪያ ከ17 ዓመት በታች ያሉ ያለ አዋቂ እንዳይገቡ ወስኖ ነበር፤ በይግባኝ ደረጃው ዝቅ ብሎ ለታዳጊዎችም ተፈቀደ። በ2013 የመጀመሪያ ፊልም ለሚሠሩ አዘጋጆች የሚሰጠውን የኢንዲፔንደንት ስፒሪት ሽልማት አገኘ።

በፊልሙ የእኅቱ ጽንስ ማስወረድ ታሪክ ቀርቷል። የዋሻው ዘፈንም ተለውጦ የዴቪድ ቦዊ «ሂሮስ» ገብቷል። ከፊልሙ በኋላ መጽሐፉ ከታተመ 13 ዓመት አልፎት ወደ ኒውዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር ገባ። በ2019 የወጣው የ20ኛ ዓመት እትም ከቻርሊ የተጻፈ አንድ አዲስ ደብዳቤ ጨምሯል።